አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! - ማዕቀብ የማንን መብት አስከበረ?

ከፒያሳ ወደ ለገሃር ቁልቁል ስወርድ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመውን የትግላችን ሐውልት ቀና ብዬ ሳላይ አላልፍም። ጫፉ ላይ ኮከብ አለ። ከሥሩ በኦጋዴን ጦርነት የወደቁ ኩባውያን ይታወሳሉ። ከካሪቢያን ባሕር ተነሥተው፣ አገሩን በካርታ እንኳ አይተውት የማያውቁ የድኻ ልጆች መጥተው ለጅጅጋ ሞቱ። እኔ ደርግን አልወደውም፤ ደርግም እኔን አይወደኝም ነበር። ዳሩ ግን የሰው ደም ደም ነውና ባርኔጣ ቢኖረኝ አወልቅ ነበር።

ሰሞኑን እዚያው አካባቢ አንድ ቡና ቤት ተቀምጠን ስለዚችው ኩባ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወዳጄ በደርግ ዘመን ገና በልጅነቱ ወደ ኩባ ተልኮ፣ «የወጣቶች ደሴት» በምትባለው ቦታ አድጎና ተምሮ የተመለሰ ሐኪም ነው። ሁለተኛው ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ፣ ደርግ ወንድሙን የበላበት ሰው ነው። የዋሽንግተኑ፣ «ኮሚኒስት የሚገባው ቋንቋ አንድ ብቻ ነው፤ አንገቱን ማነቅ!» አለ። ሐኪሙም ማኪያቶውን እያማሰለ፣ «ወንድሜ፣ የታነቀው አንገት የካስትሮ መቼ ሆነና! የታነቁት እኔን ያሳደጉኝ ወይዘሮ ናቸው» ብሎ መለሰለት። ከዚያም ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው፣ «ጋሼ፣ አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ እስቲ ፍረደን» አሉኝ።

መቼም ከሁለት ወዳጅ መካከል ዳኛ መሆን ከሁለቱም መጣላት ነው። ቢሆንም ፍርዱን ለእነሱ ብቻ በቡና ቤት ሰጥቼ ከማልፈው ለአንባቢም ባካፍለው ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። ጥያቄው ቀላል ነው። በኮሚኒስት አገሮች ላይ የሚጣል የንግድ ማዕቀብ ሰብዓዊ መብትን ያራምዳል ወይስ አያራምድም? (ለአንባቢ ማሳሰቢያ፦ «በእኛ» ካላልኩ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ረኀብን መሣሪያ ማድረግ

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ፊደል ካስትሮ ባቲስታን አባርሮ ሥልጣን የያዘው በ1959 መባቻ ነው። የአሜሪካ ኩባንያዎችን ንብረት ወረሰ። በ1960 ዋሽንግተን ከምግብና ከመድኃኒት በቀር ወደ ኩባ የሚላከውን ዕቃ ከለከለች። በየካቲት 1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ንግዱን ጠቅልለው ዘጉት። እነሆ ከ60 ዓመት በላይ ሆነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ኩባዊ ዛሬ አያት ሆኗል።

ያን ጊዜ ማዕቀቡ ለምን እንዳስፈለገ የሚናገር ሰነድ አለ። በሚያዝያ 1960 ሌስተር ማሎሪ የተባለ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ባለሥልጣን ለአለቆቹ በጻፈው ማስታወሻ፣ አብዛኛው የኩባ ሕዝብ ካስትሮን እንደሚደግፍ አመነ። ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ገንዘብና ሸቀጥ ነፍጎ ሕዝቡን በኑሮ ማማረር፣ ማስራብ፣ ተስፋ ማስቆረጥና መንግሥቱን እንዲገለብጥ መግፋት ነው ሲል መከረ። ይህን ካስትሮ አላለውም። የገዛ የአሜሪካ መንግሥት ኋላ ያሳተመው የራሱ መዝገብ ነው።

አንባቢ ሆይ! እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሰው ልጅ ተርቦ መንግሥት እንዲገለብጥ መጠበቅ ምን ዓይነት የሰብዓዊ መብት ትምህርት ነው? እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ጥያቄ ባዕድ አይደለንም። ረኀብ አብዮት ሲቀሰቅስ አይተናል። በ1966 በእኛ አቆጣጠር የወሎ ረኀብ የንጉሡን ዙፋን ነቅንቋል። ዙፋኑ ላይ ማን መጥቶ እንደ ተቀመጠም አይተናል። በ1977 በእኛ ደግሞ ከዚያ የከፋ ረኀብ መጣ። ደርግን ግን አልገለበጠውም። የተራበ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እንጀራ ነው፤ እንጀራው ያለው በመንግሥት እጅ ከሆነ ደግሞ የሚሰለፈው በመንግሥት በር ነው።

ሰልፉን እኔም ቆሜበታለሁ። በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና በካርድ በሚታደልበት ዘመን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ወረፋ መያዝ የኔ ሥራ ነበር። ካርዱን የሚሰጥህ የቀበሌው ሰው ነው። ስብሰባ የቀረህ እንደሆነ ስኳሩም ይቀራል። ኩባም ከ1962 ጀምሮ «ሊብሬታ» የሚሏት የራሽን ደብተር አለቻት። የሐኪሙ ወዳጄ አሳዳጊ ሩዟንም ባቄላዋንም በዚያች ደብተር ነበር የሚቀበሉት። እጥረት በበረታ ቁጥር ደብተሩን የያዘው ካድሬ ጌታ ይሆናል። እንግዲህ ከውጭ ሆኖ እጥረትን የሚያባብስ ሰው ሳያውቀው የካድሬውን ወንበር ከፍ እያደረገለት ነው ማለት ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው!

ሶቭየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ የኩባ ኢኮኖሚ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሢሶውን ያህል ተቆርጦ ወደቀ። አንዱ ትከሻ ላይ ይህ መከራ ተጭኖ ሳለ ዋሽንግተን ሌላውን ጫነችበት። የ1992 የቶሪሴሊ ሕግ ኩባ ወደብ የነካ መርከብ ለ180 ቀን የአሜሪካን ወደብ እንዳይረግጥ ከለከለ። በሌላ አገር የሚገኙ የአሜሪካ ኩባንያ ቅርንጫፎችም ለኩባ እንዳይሸጡ አገደ። ጊዜው እንዴት ያለ ነበር? በ1992 እና በ1993 ከ50 ሺህ በላይ ኩባውያን የዓይንና የነርቭ በሽታ ያዛቸው። ሐኪሞች ዋናውን ምክንያት ከምግብና ከቫይታሚን እጥረት ጋር አያያዙት። በነሐሴ 1994 ሐቫና ውስጥ በባሕሩ ዳር ጎዳና ሕዝብ ተነሥቶ ጮኸ። ካስትሮ ምን አደረገ? ዳርቻውን ከፈተና «መሄድ የፈለገ ይሂድ» አለ። በጎማ ከመነዳሪና በሳንቃ በተሠራ ታንኳ ከ30 ሺህ በላይ ሰው ባሕር ገባ። ስንቱ እንደ ሰመጠ ባሕሩ ያውቃል። መንግሥቱ ግን አልሰመጠም።

የካስትሮ ጠበቃ አይደለሁም

አሁን የዋሽንግተኑ ወዳጄ ጋዜጣውን ወርውሮ፣ «ይኼ ሰውዬ ኮሚኒስት ሆነ እንዴ?» እንደሚል አውቃለሁ። ቆይ ወዳጄ፣ አትቸኩል።

በመጋቢት 2003 ዓለም ሁሉ ዓይኑን ኢራቅ ላይ በተከለበት ሰሞን የኩባ ፖሊስ በየቤቱ እየገባ 75 ሰዎችን ለቀመ። ከ6 እስከ 28 ዓመት ፈረደባቸው። ከእነዚህ ውስጥ ከ20 በላይ የሚሆኑት ጋዜጠኞች ነበሩ። ራውል ሪቬሮ የተባለው ባለቅኔና ጋዜጠኛ 20 ዓመት ተፈረደበት፤ በኅዳር 2004 ተፈታ። ወንጀሉ ምን ነበር? መጻፍ! ከታሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ ኦስዋልዶ ፓያ ያስጀመረውን «ፕሮጀክት ቫሬላ» የተባለ አቤቱታ ሲያስፈርሙ የነበሩ ናቸው። ፓያ መትረየስ አልያዘም። የኩባ ሕገ መንግሥት 10 ሺህ ዜጋ የፈረመበት ሐሳብ ሕግ ሆኖ እንዲቀርብ ይፈቅዳል ብሎ በግንቦት 2002 ከ11 ሺህ በላይ ፊርማ ለሸንጎው አስገባ። መልሱ ወኅኒ ሆነ። ያን የፈረደውን ዳኛ ዋሽንግተን አልሾመችውም። እስር ቤቱን የሠራው ማዕቀቡ አይደለም።

ድህነቱንም ሁሉ ማዕቀብ አላመጣውም። ኩባ በ1990 ገደማ 8 ሚሊዮን ቶን ስኳር ታመርት ነበር፤ በ2022 ከግማሽ ሚሊዮን ቶን በታች ወረደች። በስኳር የታወቀች አገር ስኳር መግዛት ጀመረች! ገበሬው ምርቱን መንግሥት በቆረጠለት ዋጋ ለመንግሥት ካስረከበ ለምን ይደክማል? የደርግን የእህል ኮታ ያየ የጎጃም ወይም የአርሲ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያስረዳል። በ2000 የወጣ የአሜሪካ ሕግ በጥሬ ገንዘብ እስከ ተከፈለ ድረስ ምግብ ለኩባ እንዲሸጥ ስለ ፈቀደ፣ ኩባውያን የሚበሉት ዶሮ ብዙው ከዚያችው «ጠላት» ከተባለችው አሜሪካ የሚመጣ ሆኗል። ስለዚህ ጥፋቱ የሁለት ነው። አንዱን ስወቅስ ሌላውን እንዳነጻሁ አይቆጠርብኝ።

የኔ ክስ ሌላ ነው። ማዕቀቡ ለካስትሮና ለተተኪዎቹ ሰበብ ሆነላቸው። ዳቦ ሲጠፋ - ማዕቀብ። መብራት ሲጠፋ - ማዕቀብ። ጋዜጠኛ ሲታሠር - «የማዕቀቡ ቅጥረኛ»። እኛ አገር «የሲአይኤ ተላላኪ» የተባለውን ሁሉ ታስታውሳላችሁ። አምባገነን ከምንም በላይ የሚፈልገው ከደጅ የቆመ ጠላት ነው፤ ጠላት ካጣ ይፈጥራል፤ ጠላት በነጻ ከቀረበለትማ ምን ጎደለበት? በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ማዕቀቡ ይወገዛል። በ2024 የተደረገው ድምፅ 187 ለ2 ነበር፤ ሁለቱ አሜሪካና እስራኤል ናቸው። ለዚያ ቀን ሲባል ፍርድ ቤት የቀረበው ማን መሰላችሁ? ከሳሽ ሐቫና፣ ተከሳሽ ዋሽንግተን! የ75ቱ እስረኞች ስም የሚነሣበት ቦታ የለም። ጅቡ ከበጎች መካከል ቆሞ እረኛውን ሲከስ ማየት ይኼ ነው።

ሁለተኛው ክሴ ይህ ነው። ማዕቀብ ዋጋ ሊኖረው የሚችለው የሚነሣበት መንገድ ከታወቀ ነው። በ1996 ኩባ አራት ሰዎች የያዙ ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖችን መትታ ከጣለች በኋላ የወጣው የሄልምስ በርተን ሕግ ማዕቀቡን ከፕሬዚዳንቱ እጅ አውጥቶ በምክር ቤት ቆለፈው። ማዕቀቡ እንዲነሣ ፊደልም ወንድሙ ራውልም የሌሉበት የሽግግር መንግሥት መቋቋም አለበት አለ። እንግዲህ አሳሪው ሰውዬ፣ «አሥር እስረኛ ብፈታ ምን አገኛለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «ምንም፤ አንተ ራስህ ካልሄድክ» ነው። እንዲህ የተባለ ሰው እስረኛ ይፈታል? ቁልፉን ነው የሚውጠው!

በሩ ሲከፈትስ?

በታኅሣሥ 2014 ፕሬዚዳንት ኦባማና ራውል ካስትሮ እርቅ አወጁ። በዚያ ስምምነት 53 እስረኞች ተፈቱ። በ2015 ኤምባሲዎች ተከፈቱ፤ በየአደባባዩ ዋይፋይ ተተከለ። ቤቱን የሚያከራይ፣ ምግብ የሚሸጥ፣ ታክሲ የሚነዳ የግል ሠራተኛ ከግማሽ ሚሊዮን በለጠ። ከመንግሥት ደመወዝ ውጭ ሊኖር የሚችል ሰው ከቀበሌው ፍርሀት በአንድ እጅ ወጣ ማለት ነው። በመጋቢት 2016 ኦባማ ሐቫና ሄደው በቀጥታ ቴሌቪዥን ስለ ምርጫና ስለ መናገር መብት ለሕዝቡ ተናገሩ። ሽማግሌው ፊደል ከዚያ በኋላ በጋዜጣ ወጥተው ከኢምፓየሩ ስጦታ አንሻም የሚል ቁጣ ጻፉ። ልብ በሉ! የተቆጡት በማዕቀቡ ወቅት አልነበረም፤ በሩ ሲከፈት ነው የተቆጡት። ሰውየው የሚፈሩትን ያውቁ ነበር።

ይሁን እንጂ እውነቱን እንነጋገር። በዚያ የወዳጅነት ዓመትም ተቃዋሚን እየያዙ ለሰዓታትና ለቀናት ማሠሩ አልቆመም። ፓርቲው ከአንድነቱ ስንዝር አልለቀቀም። ከ2017 ጀምሮ በፕሬዚዳንት ትራምፕ ዘመን በሩ እንደገና ተዘጋ፤ ከባሕር ማዶ ዘመድ የሚልከው ገንዘብ ሳይቀር ታነቀ። በላዩ ኮሮና ተጨመረ። ሐምሌ 11 ቀን 2021 ሕዝቡ በየከተማው ነቅሎ ወጣ፤ «ነፃነት!» እያለ ጮኸ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተፈረደባቸው፤ ጥቂቶቹ እስከ 30 ዓመት።

«ይኸው! ሲጨንቃቸው ተነሡ እኮ፤ ማዕቀቡ ሠራ!» የሚል አይጠፋም። ተነሡ፤ እውነት ነው። ከዚያስ? በአሜሪካ የ2022 በጀት ዓመት ብቻ ከ220 ሺህ በላይ ኩባውያን በአሜሪካ ድንበር ላይ ተቆጠሩ። ነገ ለመብቱ ሊሟገት የሚችለው ወጣት ሻንጣውን ይዞ ወጣ፤ ሽማግሌውና ፖሊሱ ቀሩ። ልጆቹ በባሕርና በበረሃ የነጎዱበት አገር ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ለወዳጄም እፈርድለታለሁ

ነገር ግን የዋሽንግተኑን ወዳጄን ባዶ እጁን አልሸኘውም። ለእርሱ የሚመሰክር ታሪክ አለ፤ ፖላንድ።

ታኅሣሥ 13 ቀን 1981 ጄኔራል ያሩዜልስኪ ወታደራዊ አስተዳደር አወጀ። 10 ሚሊዮን ያህል አባላት የነበሩትን ሶሊዳሪቲን አገደ፤ መሪዎቹን አሠረ። ፕሬዚዳንት ሬገን ወዲያው ማዕቀብ ጣሉ። ጥያቄያቸው ግን ግልጽ ነበር፦ የወታደር አገዛዙን አንሡ፣ እስረኞችን ፍቱ፣ ከሶሊዳሪቲና ከቤተ ክርስቲያን ጋር ተነጋገሩ። ዕዳ አንገቱ የደረሰው ጄኔራል ጥቂት በጥቂት ሰጠ። በመስከረም 1986 የፖለቲካ እስረኞቹን ፈታ። በየካቲት 1987 ሬገን ቃላቸውን ጠብቀው የቀረውን ማዕቀብ አነሡ። በ1989 ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ሰኔ 4 ቀን ምርጫ ተደረገ፤ ኮሚኒስቶቹ ተሸነፉ። ማዕቀቡ ብቻውን አላደረገውም፤ ጎርባቾቭ ባይመጣ ኖሮ ሌላ ታሪክ በሆነ። ድርሻ ግን ነበረው። ለምን? አገር ውስጥ የሚደራደር የተደራጀ ሕዝብ ነበር። ጥያቄው ሊፈጸም የሚችል ነበር። በሩም ሲንኳኳ ይከፈት ነበር።

የሶቭየት ኅብረት አይሁዶችንም ጉዳይ እንይ። በ1974 የአሜሪካ ምክር ቤት የጃክሰን ቫኒክን ማሻሻያ አጸደቀ። ዜጋው እንዳይሰደድ የሚያግድ ኮሚኒስት አገር የንግድ ማቅለያ አያገኝም አለ። ታላቁ ተሟጋች ሳኻሮቭ ራሱ ሕጉ እንዲወጣ ደግፎ ጽፎ ነበር። ነገር ግን ሞስኮ በንዴት ስምምነቱን ጣለችው፤ በ1973 ወደ 35 ሺህ የነበረው የአይሁድ ስደተኛ ቁጥር በ1975 ወደ 13 ሺህ ወረደ። በ1979 ሁለቱ ኃያላን ሲለዛዘቡ 51 ሺህ ደረሰ፤ በ1984 ሲጣሉ ከአንድ ሺህ በታች ሆነ። ሕጉ ግን ያው አንዱ ሕግ ነበር! በሩን ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረው ይልቁንም የሁለቱ መንግሥታት ፀባይ ነው።

ንግድም ጻድቅ አይደለም

«እንግዲያው ንግዱን መልቀቅ ነው፤ ሀብት ሲመጣ ነፃነት ይከተላል» የሚሉ ነጋዴዎችም አሉ። እነሱንም ማመን ይቸግረኛል።

የፖላንድ ሕዝብ ድምፅ በሰጠበት በዚያው ሰኔ 4 ቀን 1989 የቻይና ታንኮች በቲያንአንመን አካባቢ ወጣቱን ይጨፈልቁ ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1993 ቻይና ሰብዓዊ መብት ካላሻሻለች የንግድ ማቅለያዋ አይታደስም አሉ። ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 1994፣ ሁለቱን ነገር ለያይቻለሁ ብለው ማቅለያውን አደሱት። ቤጂንግ አንዳች ሳትሰጥ አሸነፈች። የአሜሪካ ኩባንያዎች ገበያውን ፈልገውት ነበርና! በ2001 ቻይና ዓለም ንግድ ድርጅት ገባች። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ከድህነት ወጣ፤ ይህም ታላቅ ነገር ነው፤ ማንም አይክደውም። ነፃነቱስ? የ2010 የኖቤል የሰላም ተሸላሚ ሊዩ ሻኦቦ በ2017 እንደ ታሠረ ሞተ። ሺንጂያንግ ውስጥ ዊጉሮችን በጅምላ አጎሩ። ሆንግ ኮንግም በ2020 የደኅንነት ሕግ አፏ ተለጎመ።

ቬትናምም እንዲሁ ናት። ማዕቀቡ በየካቲት 1994 ሲነሣላት ከሕዝቧ ከግማሽ የሚበልጠው ድኻ ነበር። ዛሬ ልጆቿ ጠግበው ያድራሉ፤ ፋብሪካዋ ለዓለም ጫማና ስልክ ይልካል። ፓርቲው ግን አሁንም አንድ ነው፤ በኢንተርኔት የጻፈ አሁንም ይታሠራል። ንግድ ሆድ ይሞላል፤ አፍ ግን አይከፍትም። አፍ የሚከፍተው ባለቤቱ ነው። ቢሆንም የጠገበ ልጅ ያለው አባት ከተራበው ይልቅ ለመብቱ ለመቆም ትንሽ አቅም አለው። ሁለቱ እኩል አይደሉም።

የራሳችን ገመና

ነገሩ እኛንም ነክቶናል። በየካቲት 1969 በእኛ አቆጣጠር የካርተር መንግሥት በሰብዓዊ መብት ጥሰት የተነሣ ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ ዕርዳታ እንደሚቆርጥ አስታወቀ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደነገጠ? ደርግ አስቀድሞ ከሞስኮ ጋር የጦር መሣሪያ ስምምነት ፈርሞ ነበር። በሚያዝያ የቃኘው ጣቢያን ጨምሮ የአሜሪካን መሥሪያ ቤቶች ዘጋ። በዚያው ወር አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ የተሞላ ጠርሙስ ሰበረ። በሜይዴይ ዋዜማ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ተረሸኑ። ቀይ ሽብር ከዚያ በኋላ ነው ያበደው። ዕርዳታው መቆረጡ ገዳዩን ፈጠረው አልልም፤ ገዳይስ ነበረ። አላስቆመውም ነው የምለው። ሌላ ሻጭ በደጅ ቆሞ ሲጠብቅ የአንዱ ሱቅ መዘጋት ማንን ይጎዳል?

በቅርቡም በጥር 2022 በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ኢትዮጵያ ያን ጊዜ ኮሚኒስት አልነበረችም፤ ትምህርቱ ግን ያው ነው። ጦርነቱን ያወጁት ደመወዛቸው አልተቋረጠም። ሥራቸውን ያጡት በሐዋሳና በሌሎች የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልብስ ሲሰፉ የነበሩ የገጠር ልጃገረዶች ናቸው።

«ደቡብ አፍሪካስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ትክክል ነው፤ እዚያ ማዕቀቡ አግዟል። ግን ማን ጠየቀው? ጥቁሩ ሕዝብ ራሱ፤ በኤኤንሲ አፍ፣ በአቡነ ቱቱ አፍ፣ «እኛ እንችለዋለን፤ ጣሉት» አለ። ማዕቀቡም የብዙ አገሮች ነበር። የተቆነጠጠውም በድምፁ መንግሥቱን መለወጥ የሚችለው ነጩ መራጭ ነበር። የኩባ ተቃዋሚዎች ግን በዚህ አንድ አይደሉም። በ2010 ጦማሪዋ ዮአኒ ሳንቼዝን ጨምሮ 74 የአገር ውስጥ ተቃዋሚዎች የአሜሪካ ዜጎች ወደ ኩባ እንዲጓዙና የምግብ ንግዱ እንዲላላ ለዋሽንግተን ደብዳቤ ጻፉ። የተቃወሟቸው ሌሎች ተሟጋቾችም ነበሩ። ማያሚ ተቀምጦ «እነቁት!» ማለትና ሐቫና ወረፋ ላይ ቆሞ «እነቁን» ማለት አንድ አይደለም።

ፍርዱ

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ፍረደን ብላችሁኛልና ፈርጃለሁ። ሕዝብን ጠቅልሎ የሚያንቅ የንግድ ማዕቀብ ሰብዓዊ መብትን አያራምድም። ስድሳ ዓመት ተሞክሮ ያልሠራ መድኃኒት መድኃኒት አይባልም። ከእንግዲህ «ማዕቀብ ይጣል!» የሚል ሰልፍ ስናይ፣ የኛም ሰዎች በዋሽንግተንና በብራስልስ አደባባይ ሲጮኹ ስንሰማ፣ አራት ጥያቄ እንጠይቅ።

የሚመታው ማንን ነው፤ የባለሥልጣኑን የባንክ ደብተር ወይስ የእናትየዋን የዱቄት ከረጢት? የሚጠየቀው ምንድን ነው፤ «እነ እገሌን ፍታ» የሚል ሊፈጸም የሚችል ነገር ነው ወይስ «ጥፋ» የሚል እርግማን? ሌላ ሻጭ በሌላው በር የለም ወይ? ከሁሉ በላይ ደግሞ እዳውን የሚከፍለው ሕዝብ ተጠይቋል ወይ?

የገዳዩን ቪዛ ከልክሉ። የዘረፈውን ገንዘብ አግዱ። የሚገድልበትን ጥይት አትሽጡለት። የእስረኛውን ስም በየጉባኤው ጥሩ፤ ከንግድ ውል በፊት ስሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። ይህን ሁሉ እደግፋለሁ። ወተቱንና አንቲባዮቲኩን ግን ተዉ።

የዋሽንግተኑ ወዳጄ ይህን ሲሰማ ብዙ ዝም አለና፣ «ወንድሜን የገደሉት ግን ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ምንም አልሆኑም» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው። ሐኪሙ ግን እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ «እነሱን እንፈልግ እንጂ ታዲያ፤ አህያው ቆሞ ዳውላውን ለምን እንደበድባለን?» አለው። ሦስታችንም ሒሳቡን ለመክፈል ተሻምተን ወጣን። ሐውልቱ ከማዶ ቆሟል፤ ለማያውቁት ሕዝብ የሞቱት የድኻ ልጆች ከሥሩ አሉ። እናቶቻቸው፣ ዛሬም በሕይወት ያሉት ካሉ፣ ሐቫና ውስጥ መብራት በጠፋበት ቤት ደብተራቸውን ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ ይመስለኛል።